ልጄ ቲክ አለበት፣ መድሃኒት ላስጀምረው ወይስ ይቅር? ጥቅሙንና ጉዳቱን የምትመዝኑበት መንገድ

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይሄ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣብኛል። እናት ወይ አባት ማዘዣውን ይዘው ይመጡና ሂሳብ ከመክፈላቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ ለልጅ ይሰጣል እንዴ?" ይሉኛል። (ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ግን እኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ጥያቄው ልክ ነው፣ መልሱ ግን ከኋላ ሰልፍ እያለ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ማዘዝ የሐኪሙ ሥራ ነው። እኔ የምጽፈው እናንተ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን ይዛችሁ እንደምትቀርቡ፣ ምን እንደምትጠይቁና እንዴት አብራችሁ እንደምትወስኑ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ቲክ ማለት ልጁ ሆን ብሎ የማያደርገው፣ ድንገት እየመጣ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ዓይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መስበቅ፣ አንገት መወዝወዝ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ አፍንጫ መሳብ የመሳሰለው። ልክ እንደ ማስነጠስ ትንሽ ሊይዘው ይችላል እንጂ እስከመጨረሻው አያስቀረውም፣ ስለዚህ "ተው!" ማለት ምንም አይጠቅምም። የእንቅስቃሴም የድምፅም ቲክ ኖሮ ከዓመት በላይ ከቆየ ቱሬት ሲንድሮም ይባላል፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 በሽታውን በደንብ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዢል ደ ላ ቱሬት ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ስድብ የሚያመልጠው ዓይነት ደግሞ ቱሬት ካለባቸው ከ100 ሰው ከ10 እስከ 15 ገደማ ብቻ ላይ የሚታይ ነው፣ አብዛኛው ልጅ እዚያ አይደርስም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የቲክ መድሃኒት ቲክን አያድንም፣ ያረግባል። ዛሬ ጀመራችሁም ከስድስት ወር በኋላ ጀመራችሁም የበሽታው የወደፊት መንገድ በዚህ ምክንያት አይቀየርም። ቲክ ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት አካባቢ ይጀምራል፣ ከ10 እስከ 12 ባለው ይብሳል፣ ከዚያ አብዛኞቹ ልጆች ጉርምስናው እየገፋ ሲሄድ ይቀንስላቸዋል። ስለዚህ "ቶሎ ካልጀመርን ይሰርጽበታል" ብሎ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ተረጋጉ፣ ለማሰብ ጊዜ አላችሁ።

1. ቲክ መሆኑ ይረጋገጥ

ዓይኑን የሚያርገበግብ ልጅ ሁሉ ቲክ የለበትም። አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ መነጽር ፈልጎም ሊሆን ይችላል። ለቅጽበት ፍዝዝ ብሎ ስትጠሩት የማይሰማችሁ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እሱ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

እኛ አገር ላይ በተለይ መዘንጋት የሌለበት ግን ሲደንሃም ኮሪያ የሚባለው ነው። ጉሮሮው ታሞ ከነበረ ልጅ ላይ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ሩማቲክ ፊቨር ከሚባለው ልብን ከሚጎዳ ሕመም ጋር ይመጣል፣ ልጁ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል፣ ጽሑፉ ይበላሻል፣ ሆደ ባሻ ይሆናል፣ እንቅስቃሴውም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደጋገም ሳይሆን ከእጅ ወደ ፊት ከፊት ወደ እግር የሚዘዋወር ነው። ይሄ ልጅ የሚያስፈልገው ልቡ መታየትና በየሦስት አራት ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ነው፣ እሱን በቲክ መድሃኒት ብቻ እያባበሉ መቆየት ልቡን ማስበላት ነው። ሐኪሙን "ኮሪያ አለመሆኑን አይተዋል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አይቀየማችሁም።

ሌላው፣ ከዚህ በፊት ምንም ያልነበራት የ14 ወይ 15 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ከባድና ውስብስብ እንቅስቃሴ ከጀመራት (በኮቪድ ጊዜ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው) የተለመደው ቲክ ላይሆን ይችላል፣ የቲክ መድሃኒትም ባብዛኛው አይረዳትም፣ ሕክምናው ሌላ ነው።

ቪዲዮ ያዙ። ብዙ ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ቲኩን ይይዘዋል፣ እናንተም "እቤት እኮ እንዲህ አይደለም" እያላችሁ ትቀራላችሁ። ሁለት ሦስት አጫጭር ቪዲዮ ይበቃል፣ ግን ልጁን አስፈቅዳችሁ፣ ለአክስት ለአጎት ግሩፕ ላይ ለመላክ አይደለም።

2. የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለዩ

የሚመዘነው ቲኩ ለሚያየው ሰው ምን ያህል ይታያል የሚለው አይደለም፣ ልጁ በቲኩ ምክንያት ምን እያጣ ነው የሚለው ነው። አንድ አባት የ9 ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰው ሁሉ እንደሚዞር፣ ለቅሶ ቤት እንዳሳፈረችው፣ ሲነግረኝ ቆየና እሷን ዝቅ ብዬ "አንቺስ ያስቸግርሻል?" ስላት "እኔን አይረብሸኝም፣ አባዬን ነው የሚረብሸው" አለችኝ። አባትየው ሳቀ። ለዚህች ልጅ መድሃኒቱ የሚጨምርላት ነገር ትንሽ ነው፣ የሚያመጣባት ግን ያው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አለ። አንገቱን በኃይል እየወዘወዘ ማታ በሕመም የማይተኛ፣ በየቀኑ ማስታገሻ የሚውጥ፣ ግን ዝምተኛ ስለሆነ ቤተሰቡ "አመል ነው፣ ይተወዋል" እያለ ዓመት ያሳለፈበት ልጅ። እዚህ ጋ መድሃኒት አለመስጠትም ራሱ ጉዳት አለው፣ ሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ እነዚህን ለዩና ጻፉ፦ ያመዋል? ራሱን ይጎዳል? እንቅልፍ ይከለክለዋል? ማንበብና መጻፍ ያቋርጥበታል? ትምህርት ቤት ይሾፍበታል፣ በዚህ ምክንያት መሄድ ጠልቷል? እጅ ማውጣት፣ ኳስ መጫወት፣ ጓደኛ ጋ መሄድ ትቷል? ከነዚህ አንዱም ከሌለ መጠበቅና መከታተል ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ ውሳኔ ነው፣ የአሜሪካ ኒውሮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም ቲኩ ኑሮውን ካላሰናከለው መጠበቅ ተቀባይነት አለው ይላል። "ሐኪም ቤት ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን" ብላችሁ አትዘኑ።

ማሾፉ ብቻ ከሆነ ችግሩ መጀመሪያ መምህሯን አናግሩ። ክፍሉ ሲነገረውና መምህሯ ቲኩን ሳታይ ስታልፈው ግማሹ ሸክም የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ያለ ኪኒን።

3. ደብተር ያዙ፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት

ይሄን ሰው አይወደውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምገፋፋው ይሄን ነው። አንድ ተራ ደብተር፣ በቀን አንድ መስመር። ለምሳሌ፦ "ማክሰኞ። አንገት 6፣ ጉሮሮ 3። ሒሳብ ፈተና ነበረ። ማታ አንገቴን አመመኝ አለ። እንቅልፍ ደህና።" ቁጥሩ ከ0 እስከ 10 ነው፣ ልጁ ከ8 ዓመት በላይ ከሆነ ራሱ ይስጥ። በቃ።

ለምን መሰላችሁ? ቲክ ይወጣል ይወርዳል። ለሳምንታት ይብስና ምንም ሳታደርጉ ይቀንሳል፣ አንዱ ይሄድና ሌላው ይተካል። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ደግሞ በጣም በከፋበት ሳምንት ነው፣ እና በዚያ ሳምንት የጀመራችሁት ነገር ሁሉ የሠራ ይመስላል፣ መድሃኒቱም፣ ከአሜሪካ የመጣው ቫይታሚንም፣ ጎረቤት የነገረችን ቅጠልም። አሪፒፕራዞል የሚባለው የቲክ መድሃኒት በ133 ልጆችና ወጣቶች ላይ ለ8 ሳምንት ሲሞከር ከ50 በሚቆጠረው የቲክ መለኪያ ላይ ከፍ ያለውን ዶዝ የወሰዱት 17 ነጥብ ገደማ ቀነሰላቸው፣ መድሃኒት የሌለበት ኪኒን የወሰዱት ግን እነሱም 7 ነጥብ ገደማ ቀነሰላቸው። ስለዚህ መድሃኒቱ ይሠራል፣ ግን ካያችሁት ለውጥ ውስጥ የተወሰነው የመድሃኒቱ አይደለም። ደብተር የሌለው ሰው ይሄን መለየት አይችልም።

4. ከቲኩ ጎን ምን አለ?

ቱሬት ካለባቸው ልጆች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ) አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኦሲዲ (አንድን ሐሳብ ወይም ድርጊት ያለፈቃድ እየደጋገሙ መጨነቅ) ወይም ጭንቀት አለ። ብዙ ጊዜ ልጁን በትምህርት የሚጥለው ቲኩ ሳይሆን እነዚህ ናቸው፣ ግን ቲኩ ስለሚታይ ሁሉም ዓይኑን እዚያ ላይ ይተክላል። ሐኪሙን "ከሁሉም በላይ የሚጎዳውን መጀመሪያ እናክም" በሉት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የኤዲኤችዲ መድሃኒት የሆነው ሜቲልፌኒዴት ሲታዘዝላችሁ ወረቀቱ ላይ ስለ ቲክ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አይታችሁ ትደነግጣላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ 136 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ላይ ቲክ ባሰባቸው የተባሉት ሜቲልፌኒዴት ከወሰዱት 20 በመቶ፣ ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 22 በመቶ ነበሩ፣ ማለትም ያው ነው። አንድ አንድ ልጅ ላይ ሊያብስ ይችላል፣ እሱን ደብተሩ ያሳያችኋል፣ ግን በፍርሃት ብቻ ልጁን ከትምህርቱ ማስቀረት ልክ አይደለም።

5. ከኪኒን በፊት ያለው አማራጭ

ሲቢት (CBIT) የሚባል የባህሪ ሕክምና አለ። ልጁ ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ስሜት (ማሳከክ፣ መወጠር ዓይነት) ማወቅ ይማራል፣ ከዚያ ቲኩ አብሮ ሊሠራ የማይችልበትን ሌላ እንቅስቃሴ ይለማመዳል። ትከሻ ከሆነ ክንዱን ወደ ጎኑ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ጉሮሮ መጥረግ ከሆነ አፍ ዘግቶ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 126 ልጆች ያሉበት ጥናት ላይ በ10 ሳምንት ውስጥ 52.5 በመቶዎቹ በደንብ ተሻላቸው፣ ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት 18.5 በመቶ። ጉበት አይነካ፣ አያወፍር፣ አያስተኛ። ለዚህ ነው መመሪያዎቹ መጀመሪያ እሱን የሚሉት።

ችግሩ ባለሙያው እንደ ልብ አይገኝም፣ ይሄን አልደብቃችሁም። ሳይኮሎጂስት ወይም የልጆች ሳይካትሪ ያለበት ቦታ ስትሄዱ በስሙ ጠይቁ፣ በቪዲዮ ኮልም ይሰጣል፣ ውጭ ያላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ አጣሩ። ካልተገኘም እቤት ውስጥ የምትችሉት አለ፦ ቲኩን አትቁጠሩበት፣ አትቆጡት፣ በየመሀሉ "አሁንም አደረግከው" አትበሉ፣ እንቅልፉን ጠብቁ።

6. መድሃኒቶቹን በስማቸው እወቁ

ክሎኒዲንና ጓንፋሲን። መነሻቸው የደም ግፊት መድሃኒት ናቸው፣ ሰው ማዘዣው ላይ አይቶ "የግፊት ኪኒን ለልጄ?" ብሎ ይመለሳል፣ አትመለሱ። ኤዲኤችዲም ላለበት ልጅ በተለይ ጥሩ ናቸው፣ የሌለበት ላይ ግን አቅማቸው አነስ ይላል። ጉዳታቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሲነሳ መዞር፣ አፍ መድረቅ፣ የግፊትና የልብ ምት መውረድ ነው፣ ባብዛኛው ዶዝ ሲቀንስ የሚሄድ። ትልቁ ወጥመዳቸው ድንገት ማቆም ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሪፒፕራዞል፣ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፒሞዛይድ። እነዚህ የሳይኮሲስ መድሃኒቶች ናቸው። "ልጄ አበደ እንዴ?" የሚለው ድንጋጤ ይገባኛል፣ ግን ለቲክ የሚሰጡት ባነሰ ዶዝ ነው፣ ምክንያቱም ዶፓሚን የሚባለው አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ነገር ላይ ስለሚሠሩ ነው። ቲክን በመቀነስ ከሁሉም ጠንካሮቹ እነሱ ናቸው፣ ጉዳታቸውም እንደዚያው። የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ለቱሬት በቀጥታ የፈቀደው ሦስት ብቻ ነው፦ ሃሎፔሪዶል፣ ፒሞዛይድ፣ እና እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አሪፒፕራዞል ከ6 እስከ 18 ዓመት ላሉ። እኔ በምሠራበት አካባቢ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ይገኛሉ፣ ሌሎቹ አንዴ ይኖራሉ አንዴ ይጠፋሉ።

ሪስፔሪዶን ምግብ ያስበላል፣ ልጁ በወራት ውስጥ ልብሱ ሁሉ ሊጠበው ይችላል፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞንም ስለሚጨምር ጡት ማበጥ፣ ሴት ልጅ ላይ የወር አበባ መቅረት ሊመጣ ይችላል። አሪፒፕራዞል በዚህ በኩል ቀለል ይላል፣ ግን ጨርሶ አያወፍርም ማለት አይደለም። ሃሎፔሪዶል ደግሞ ጡንቻ ማሰር፣ መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ብሎ መቆየት አለመቻል ያመጣል። ፒሞዛይድ የልብ ምት ላይ ስለሚገባ ከመጀመሩ በፊት ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳል፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ጋር ደግሞ በፍጹም አይሰጥም፣ ግሬፕፍሩት ጁስም አብሮት አይጠጣም።

እነዚህ ሁሉ፣ በተለይ ረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ ታርዲቭ ዲስኪኔዚያ የሚባል የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ ሊያመጡ ይችላሉ፣ መድሃኒቱ ከቆመም በኋላ የማይሄድበት ጊዜ አለ። በልጆች ላይ ብዙ የሚታይ አይደለም፣ ግን ሳይነገራችሁ ማለፍ የለበትም።

ሌሎቹን ባጭሩ። ቶፒራሜት ክብደት ይቀንሳል፣ ግን ሐሳብ ያዘገያል፣ ቃል ያስጠፋል፣ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፣ ስለዚህ ውሃ በደንብ። ለመውለድ ለደረሰች ልጅ ደግሞ ጽንስ ስለሚጎዳ ሌላ ጥያቄ አለበት። ቦቱሊኒየም መርፌ አንድ ቦታ ላይ ላለ ቲክ ነው፣ ዓይን ወይ አንገት፣ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል። ቴትራቤናዚን ድባቴ ሊያመጣ ይችላል።

7. አሁን ሚዛኑ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል ቁጥር 2 ላይ የጻፋችሁት፣ ልጁ እያጣ ያለው። በሌላ በኩል ሐኪሙ የመረጠው መድሃኒት ጉዳቶች። ከዚያ እያንዳንዱን ጉዳት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ሲመጣ ምን ያህል ይከብዳል? ስናቆመው ይሄዳል ወይ? እንቅልፍ ብዙ ልጅ ላይ ይመጣል፣ ግን ቀላል ነው፣ ይሄዳልም። ታርዲቩ ጥቂት ላይ ነው፣ ግን ላይሄድ ይችላል። ሁለቱን እኩል መፍራት ልክ አይደለም፣ ሁለቱንም አለመፍራትም እንደዚያው።

የልጁ ሁኔታም ሚዛኑ ላይ ይግባ። ቤተሰባችሁ ውስጥ ስኳር በብዛት ካለና ልጁም ከወዲሁ ወፈር ካለ ሪስፔሪዶን ለሱ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ይከብዳል። ክፍል ውስጥ በእንቅልፍ የሚቸገር ከሆነ ክሎኒዲን በቀን ሳይሆን ማታ ይሁን ተብሎ ይታያል። ወጣቱ ጫት ከጀመረ ሐኪሙ ማወቅ አለበት፣ ብትቆጡም ንገሩት።

ግቡንም ጻፉት። "ይጥፋልኝ" ግብ አይደለም፣ ጨርሶ እስኪጠፋ ዶዝ እየጨመሩ መሄድ ነው ልጅን የሚያደነዝዘው። "ማታ በአንገት ሕመም አይነሳ"፣ "አንድ ገጽ ሳያቋርጥ ያንብብ"፣ ይሄ ግብ ነው። ቲኩ ሩብ ያህል ሲቀንስ እንኳን ብዙ ልጅ ለውጡ ይሰማዋል።

እናትና አባት ካልተስማማችሁ አትጀምሩ። አንዱ ሲሰጥ አንዱ ሲደብቅ መድሃኒቱ በየሦስት ቀኑ እየተቋረጠ ጥቅሙን ሳታገኙ ጉዳቱን ብቻ ታተርፋላችሁ። ልጁም ይሰማ፣ የ10 ዓመት ልጅ ለምን እንደሚውጥ ማወቅ ይችላል።

8. የመጀመሪያው ኪኒን ሳይዋጥ

ክብደት፣ ቁመት፣ ግፊትና የልብ ምት ተለክቶ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ለነሪስፔሪዶን የስኳርና የቅባት ምርመራም ይጨመራል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ወይም ራሱን የሚስት ካለ ተናገሩ። የሚወስደውን ሌላ መድሃኒት ሁሉ አሳዩ፣ ለኦሲዲ ወይም ለድባቴ ፍሉኦክሴቲን የሚወስድ ከሆነ የአሪፒፕራዞልንና የሪስፔሪዶንን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፣ ዶዙ በዚያ ይታሰባል።

ቁጥሩ ውስጥ ያለችውን ነጥብ አንብቡ! እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። ለልጅ ቲክ ሃሎፔሪዶል ሲጀመር 0.25 ወይም 0.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ኪኒን ግን 5 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። 5 ማለት የ0.25 ሃያ እጥፍ ነው። ሐኪሙ የጻፈው ቁጥር፣ ፋርማሲው የሰጣችሁ ስትሪፕ ላይ ያለው ቁጥር፣ እና "ግማሽ ስጡ፣ ሩብ ስጡ" የተባላችሁት አንድ ላይ መግጠም አለበት። ካልገጠመ እዚያው ቆማችሁ አስሉን፣ አይደብረንም፣ ቢደብረንም አስሉን። አምስት ሚሊግራሟን ኪኒን በቢላ ሃያ ቦታ መቁረጥ ደግሞ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ፈሳሽ ወይም አነስተኛ ኪኒን ይፈለግ።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ፈተና ሳምንት ላይ አትጀምሩ። አንድ መድሃኒት በአንድ ጊዜ፣ ከዝቅተኛው፣ ቀስ እያለ ይጨመር። ክሎኒዲን ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል በአምስተኛው ቀን "አልሠራም" አትበሉ።

ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የጀመረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወደ አንድ በኩል ተጠምዝዞ ከቀረ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ አልመለስ ካለ፣ ምላሱ ከወጣ ወይም መንጋጋው ከተቆለፈ፣ ዲስቶኒያ ይባላል፣ የመድሃኒቱ ሥራ ነው። አስፈሪ ነው፣ የሚያየውም ሰው ሰይጣን ነው ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው ይሮጣል። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ የወሰደውን ኪኒን ይዛችሁ፣ በመርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ከፍተኛ ትኩሳት ከጡንቻ መድረቅና ከመቃዠት ጋር ከመጣም እንደዚሁ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሳይታወቁ ያልፋሉ። አንዱ ልጁ መቀመጥ አቅቶት ከወዲህ ወዲያ ሲል፣ እግሩን ሲያወራጭ፣ ቲኩ የባሰ ይመስልና ዶዝ ይጨመራል፣ በእርግጥ ግን ችግሩን ያመጣው ዶዙ ሊሆን ይችላል። "ውስጥህ አላስቀምጥ ይልሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ሌላው፣ ትምህርት ቤት በደስታ ይሄድ የነበረ ልጅ እነዚህን መድሃኒቶች ከጀመረ በኋላ ከእናቱ ልለይ አልችልም ብሎ በር ላይ ማልቀስ ከጀመረ ቅብጠት አይደለም፣ የታወቀ የመድሃኒት ጉዳት ነው፣ ለሐኪሙ ደውሉ።

ሲያስመልሰው ደግሞ ሰፈር ፋርማሲ ሄዳችሁ ሰው ሁሉ ፕላዚል የሚለውን ሜቶክሎፕራማይድ እንዳትገዙለት። ያው ዶፓሚን ላይ ስለሚሠራ ከነዚህ ጋር ሲደራረብ የጡንቻ ማሰሩን ያባብሳል። የሚወስደውን ሳትነግሩን የማስመለስ ማቆሚያ አትጠይቁን።

10. ጾም፣ ጸበል፣ ሻንጣ

ልጁ የሚጾምበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ፣ ሁዳዴም ሆነ ረመዳን፣ የሚወስድበትን ሰዓት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። ክሎኒዲን የሚወስድ ልጅ ውሃ ሳይጠጣ ሲቆም ሊዞርበት ይችላል፣ የቀኑን ዶዝ ዘሎ ማታ ደርቦ መውሰድ ደግሞ አይሆንም።

ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እምነቱ የራሳችሁ ነው፣ መድሃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ። "እዚያ ሆነን ኪኒን መዋጥ እምነት ማነስ ነው" ተብሎ ክሎኒዲን በአንድ ቀን ሲቆም ግፊቱ ዘሎ ይወጣል፣ ራስ ምታት፣ ልብ ምት፣ መርበትበት ይመጣል። ከጸበሉ ጋር አይጣላም፣ ካህናቱንም ጠይቁ፣ መድሃኒታችሁን አታቋርጡ የሚሉ ብዙ አሉ።

ከውጭ በሰው ሻንጣ ለሚመጣላችሁ፦ የሁለት ወር መድሃኒት እጃችሁ ላይ ሳይኖር አትጀምሩ፣ ሲጠፋ የሚተካው ምን እንደሆነም ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዱን ስም በሌላ ስም እኛ ፋርማሲ ላይ ቀይሩልን አትበሉን፣ አሪፒፕራዞል ጠፍቶ ሪስፔሪዶን በዚያው ቁጥር አይተካም።

11. መቼ ይቆማል?

ቀኑን መጀመሪያ ላይ ጻፉት። ዶዙ ከተስተካከለ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ደብተሩን ከፍታችሁ ግቡ ጋር አስተያዩት። ካልነካው፣ "ሌላ ትንሽ እንጨምር" ከማለት በፊት "እንቀይር ወይስ ይቅር?" ተብሎ ይጠየቅ። ከሠራ ደግሞ በየስድስት ወሩ፣ አሁንም ያስፈልገዋል ወይ? ልጁ 15 ሲሞላው ቲኩ በራሱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ኪኒኑ ግን ማንም ስላልጠየቀው ብቻ ይቀጥላል።

ለመሞከር ጥሩው ጊዜ ትምህርት የተዘጋበት ክረምት ነው፣ ሐምሌ ላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ሐኪሙ ባወጣው ደረጃ እየተቀነሰ። መስከረም፣ አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህር ሲመጣ አይሆንም። የዶፓሚን መድሃኒቶቹ ሲቀነሱ ለጥቂት ሳምንታት እንቅስቃሴው ከበፊቱም በላይ ሊጨምር ይችላል፣ ያ ራሱ መድሃኒቱ የመውጣቱ ነገር ሊሆን ስለሚችል በሁለተኛው ቀን ደንግጣችሁ ወደ ድሮው ዶዝ አትመልሱት፣ ሐኪሙ ጋ ደውላችሁ የመቀነሻውን ፍጥነት አዘግዩ። የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤት ልጅ አትስጡ፣ ወደ ፋርማሲ መልሱት።